ድሩማቫራ የታዘዘች ዕለት

ማላኪ ቲየርኒ የሰው ጓዳ ሳይገባ ማን ማንን እንደሚመርጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጠንቋይ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየገበሬው ደጅ ወተት የሚሰበስብ መኪና ነድቷል። የድሩማቫራን መንገድ ሁሉ፣ የየቤቱን ውሻ ስም፣ የትኛው ወንድማማች በድንበር ተኳርፎ እንደሚኖር፣ የማን ልጅ አውስትራሊያ ሄዶ እንደቀረ ያውቃል። ወተት የሚቀዳ ሰው ወሬም አብሮ ይቀዳል።

አባቱ የፓርቲው ሰው ነበር፤ አያቱም እንደዚያው። ማላኪ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የምርጫ ፖስተር ተሸክሞ መሰላል ሲወጣ፣ ፓርቲ የሚባለው ነገር እንደ ዓይን ቀለም አብሮ የሚወለድ እንጂ ሰው አስቦ የሚገባበት አይመስለውም ነበር። ተቃራኒዎቹ «ያኛው ወገን» ነው የሚባሉት። ከመቶ ዓመት በፊት አየርላንድ ነፃ በወጣች ማግስት ወንድም በወንድሙ ላይ ሲተኩስ፣ አያቶቻቸው በዚያኛው በኩል ቆመው ነበር። የማላኪ አባት በያኛው ወገን መጠጥ ቤት አንዲት ብርጭቆ ውሃ ሳይቀምስ ሞተ። ልጁም ቢሆን እዚያ ቤት የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱ ተቃጥሎ እሳት ሊያጠፋ።

ማላኪ ስሙ የወጣው ግን በቆጠራ ነው። በምርጫ ማግስት ሳጥኖቹ የካስልሮው ከተማ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይከፈታሉ። የመንግሥት ቆጣሪዎች ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲዘረጉ፣ የየፓርቲው ሰዎች ከብረት አጥሩ ማዶ ተንጠልጥለው፣ አንገታቸውን እንደ ዝይ አስግገው፣ እርሳስ ይዘው ጭረት ያሰምራሉ። እዚህ አገር ከአንድ ወረዳ ብዙ እንደራሴ ይመረጣል፤ ድምፅ የሚሰጠውም በቁጥር ነው። መራጩ ከሚወደው ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በየስሙ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ያለው ሰው ከወደቀ ወረቀቱ ሁለት ወዳለው ይሻገራል። ለዚህ ነው ቆጠራው ቀናት የሚፈጀው፤ ለዚህም ነው ማላኪ የሚፈለገው። ሹማምንቱ ገና ሻይ ሳይጠጡ እሱ ጭረቶቹን ደምሮ ማን እንደገባ ማን እንደወደቀ ይናገራል። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ከሃያ ድምፅ በላይ ስቶ አያውቅም። ጋዜጠኞች እንኳ ጠጋ ብለው «ማላኪ፣ እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እሱም እንደ ሐኪም ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ትንሽ ያስጠብቃቸዋል። ይህችን ታህል ኩራት ነበረችው።

ባለፈው ምርጫ ፓርቲው ከወረዳው ሁለት እጩ አቀረበ። አንደኛዋ ዴርቭላ ስካንለን ናት፤ የድሩማቫራ ልጅ፣ የቀድሞ ነርስ፣ አንድ ዘመን ፓርላማ የቆየች። ሁለተኛው ኦይሲን ፕሬንደርጋስት የካስልሮው ቤት አሻሻጭ ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጫማው ነጭ፣ ቃሉ ግን እንደ አየሩ የሚለዋወጥ። ዴርቭላ ፓርላማ ውስጥ የታወቀችው በአንድ ነገር ነው። የጤና ሚኒስቴር የካስልሮውን የኩላሊት እጥበት ክፍል ዘግቶ ሥራውን ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው ትልቅ ከተማ ሊወስድ ሲል፣ የገዛ ፓርቲዋን ተቃውማ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ነው» አለች። ክፍሉም ተረፈ። አርባ አንድ ሰው ይታከምበታል። ከአርባ አንዱ አንዷ አትራክታ ናት፤ የማላኪ ሚስት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥራ አምስት ደቂቃ ነድቶ ያደርሳታል፤ አራት ሰዓት ሙሉ ደሟ በማሽን ሲታጠብ እሱ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከፓርቲው የደብሊን ጽሕፈት ቤት አንድ ጠባብ ሱሪ የለበሰ ጎልማሳ መጣ። ኦይሲንም አብሮት ነበር። የማላኪ ወጥ ቤት ገብተው ጠረጴዛው ላይ የወረዳውን ካርታ ዘረጉ።

«ዴርቭላ አልፋለች» አለ ሰውየው። «ጥናት አስጠንተናል። ድምፅዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ የሚፈሰውን ለኦይሲን ካላካፈልነው ይባክናል። ከወንዙ ወዲህ ያለው የድሩማቫራ ሰው ለኦይሲን አንድ፣ ለዴርቭላ ሁለት ይጻፍ። ከወንዙ ማዶ ያለው እንደ ድሮው ለዴርቭላ አንድ። ሁለት ወንበር እንይዛለን።»

«ደብዳቤ በትኑ እንግዲህ» አለ ማላኪ።

«ድሩማቫራ ደብዳቤ አያምንም አሉን። የሚያምነው አንተን ነው።»

ኦይሲን ትከሻውን ያዝ አደረገው። «ማላኪ፣ አንተ እኮ ተቋም ነህ።»

ሙገሳ የማያሳውረው ሰው የለም። ማላኪ ካርታው ላይ አጎነበሰና እርሳሱን አወጣ። እንግዶቹ ሲወጡ አትራክታ የጠጡበትን ኩባያ እያነሳች፣ «ዴርቭላ አልፋለች ያለው ማነው?» አለችው።

«ጥናት ነው።»

«ጥናቱ ኩላሊት አለው?»

«አትራክታ፣ እኔ ይህን ሥራ አርባ አራት ዓመት ሠርቼዋለሁ።»

«በእጅህ ያለችውን አትልቀቅ ነው የምልህ። የዚያ ልጅ ዓይን አያርፍም፤ እኔን ሰላም ሲል እንኳ መስኮቱን ነው ያየው።» ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመረች።

ማላኪ ከወንዙ ወዲህ ያለውን በዝናብ ቤት ለቤት ዞረ። በየቤቱ ሻይ ጠጣ፣ በየቤቱ የከብት ዋጋ ሰማ፣ በየቤቱ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ኦይሲን አንድ፣ ዴርቭላ ሁለት። እሷ አልፋለች።» ያስቸገረችው ፊሎሜና ብቻ ናት፤ ሰማንያ አምስት ዓመቷ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ምላሷ ምላጭ።

«ዴርቭላ እናቴ ስትሞት ዓይኗን የከደነች ልጅ ናት» አለችው። «ለዚያ ቤት ሻጭ አንድ ልጽፍ? ብሞት ይሻለኛል።»

«ስለ እኔ ስትይ፣ ፊሎሜና።»

«ለአንተ ከሆነ እሺ። ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ አንድ አይመስልም።»

«ቢንቀጠቀጥም ይቆጠራል» አለና ሳቀ። ምናለ ያን ቀን ውሻዋ ነክሶ በመለሰው!

ወሬ ወንዝ አይከለክለውም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ማክሰኞ ከብት ገበያ፣ ሐሙስ መጠጥ ቤት «ማላኪ ኦይሲን አንድ ብሏል» ተባለ። ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማላኪ ካለ ብሏል፤ አለቀ። ይህ ሕዝብ መንግሥትን አይታዘዝም፣ ቄሱን አይታዘዝም፣ የመኪና ማቆሚያ ምልክት እንኳ አይታዘዝም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቢታዘዝ ይህን ታዘዘ።

በቆጠራው ዕለት የድሩማቫራ ሳጥን የተከፈተው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ማላኪ አጥሩን ተደግፎ እርሳሱን አሾለ። የመጀመሪያው ወረቀት ኦይሲን አንድ። ሁለተኛው ኦይሲን አንድ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈችው አንድ ተጣማ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ነፋስ የመታት ሸምበቆ መስላለች፤ ማላኪ እሷንም ጭረት አደረገላት። ይህ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሳጥን ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ ከወንዙ ማዶ የመጣው ሁለተኛው ሳጥን ተገለበጠ። ኦይሲን አንድ፣ ኦይሲን አንድ፣ ኦይሲን አንድ። ማላኪ እሷንም ጭረት አደረገላት። ከአምስት መቶ አርባ ወረቀት አራት መቶ ሠላሳ አንዱ የኦይሲን ሆነ፤ ለገዛ ልጇ ድሩማቫራ የሰጠቻት ሠላሳ ስምንት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እሷ በራሷ እጅ ነው የጣለችው፣ ማላኪ ግን የአገሩን ሁሉ እጅ ይዞ አስጣለ።

«ማላኪ፣ እንዴት ነው?» አለ አንድ ጋዜጠኛ። ማላኪ እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዴርቭላ ስካንለን ከኦይሲን በዘጠኝ ድምፅ አንሳ ከውድድሩ ወጣች። ወረቀቶቿ ሁለት ወደተባለው ወደ ኦይሲን ተሻገሩና እሱን ተሸክመው የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሁለት ወንበር ብለው አንድ አገኙ፤ አንዱም የማይረባው ሆነ። እንደ ልማዱ አሸናፊውን ትከሻ ላይ አውጥተው አዳራሹን አናወጡት። ኦይሲን ከላይ ሆኖ፣ «ማላኪን አንሱት! ይህን የሠራው ማላኪ ነው!» ብሎ ጮኸ። ስድስት ጎረምሶች እንደ ጆንያ አፈፍ አድርገው አነሱት። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ካሜራ ሲበራበት፣ አፉን ከፍቶ ጮኸ። አውርዱኝ ይላል፤ እነሱ የደስታ ጩኸት መስሏቸው ከፍ ያደርጉታል።

ሲያወርዱት ዴርቭላ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቤት ለቤት የዞርከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ሰድባው ቢሆን በተሻለ ነበር። እሷ ግን እጁን ጨበጠችና፣ «አትራክታን ሰላም በልልኝ። ነገ ተራዋ አይደል?» አለችው።

መንግሥት ለመመሥረት ስምንት ሳምንት ፈጀ። ፓርቲው በምርጫ ዘመቻው ሁሉ «ከያኛው ወገን ጋር በፍጹም» ሲል ከርሞ፣ በስድስተኛው ሳምንት ከያኛው ወገን ጋር ገበታ ቀረበ። ማላኪ እርቅ አይጠላም፤ ከመቶ ዓመት ቂም በኋላ ማን ይጠላል? ያንገሸገሸው እርቁ የተገኘው የሚኒስትር ወንበር ሲከፋፈል መሆኑ ነው። የፓርቲው መሪዎች የሟቾቹን መቃብር በየዓመቱ በአበባ ሲያስጌጡት ኖረው፣ ለሹመት ሲሆን በአንድ ቀን ረሱት። አባላቱ ስምምነቱን እንዲያጸድቁ ደብሊን ተጠሩ። መቶ ሠላሳ ገጽ ሰነድ በር ላይ ታደለ፤ ማላኪ መነጽሩን አድርጎ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ «የክልል ሕክምና አገልግሎቶችን ማሰባሰብ» የሚል አገኘ። ሰው ሲገድል እንኳ እንዲህ ያማረ ስም አይወጣለትም።

«ይኼ ካስልሮውን መዝጋት ነው» አለ አጠገቡ ለተቀመጠ ሽማግሌ።

«ለአገር መረጋጋት ነው፣ ወዳጄ» አለው ሽማግሌው፤ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ እጁን ለድጋፍ አወጣ።

መረጋጋት! ወንበር የቀረበለት ሁሉ መረጋጋት ይወዳል። ማላኪና ሌሎች ዘጠና ስድስት ሰዎች ተቃወሙ፤ ሰባት መቶው አጨበጨበ። ኦይሲን ምክትል ሚኒስትር ሆነ።

በሰኔ ለታካሚዎቹ ሁሉ ደብዳቤ ደረሰ፤ ከመስከረም ጀምሮ እጥበቱ በትልቁ ከተማ «የላቀ ማዕከል» ውስጥ ይሰጣል የሚል። በዚያው ሳምንት ኦይሲን ራሱ በጥቁር መኪና የማላኪ ደጅ ላይ ቆመ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ማላኪ ፈታው፤ ትከሻ ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ የተነሳው ፎቶ ነው፣ የወርቅ ቀለም በተቀባ ፍሬም።

«ለሳሎንህ» አለ ኦይሲን። «ታሪክ ነው እኮ።»

«ለካስልሮው ድምፅህን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም?»

«ማላኪ፣ አንተ ቁጥር የምታውቅ ሰው ነህ። አርባ አንድ ታካሚ ነው ያለው። አርባ አንድ! ለአርባ አንድ ሰው ስድስት ማሽን፣ ሁለት ሐኪም...»

«ከአርባ አንዱ አንዷ ከበሩ ጀርባ ሻይ እያፈላች ነው።»

ኦይሲን ግንባሩን መታ። «አትራክታ! ውይ፣ በሞትኩት። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ለእሷ የሚመላለስ መኪና አስመድብላታለሁ። ዛሬውኑ ስልክ እደውላለሁ። ለአንተ ይህን ካላደረግሁ ለማን ላደርግ?»

«አርባዎቹስ?»

«ኧረ ማላኪ፣ ለሁሉማ አይቻልም።»

ማላኪ ፊቱን አየው። ፊቱ ላይ ተንኮል የለም፤ ይህ ነው ያስጠላው። ልጁ ውለታ የዋለ መስሎት ከልቡ ፈገግ ብሏል። አርባ ሰው ጥሎ አንዷን ማንሳት ደግነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ተሸክሞ ፓርላማ ያስገባው ደግሞ ማላኪ ነው። ፎቶውን መልሶ ደረቱ ላይ ለጠፈለት።

«ውጣ።»

«ደጅ ነው እኮ የቆምኩት» አለ ኦይሲን።

«ከደጄም ውጣ። ካገሬም ብትወጣ ደስ ይለኛል።»

መኪናው ሲሄድ ማላኪ መንገዱ ላይ ምራቁን ተፋ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አንድ ነገር አላስተኛ አለው። ዘጠኝ ድምፅ። አምስት ሰው፣ አምስት ሰው ብቻ እምቢ ብሎት ለዴርቭላ አንድ ጽፎ ቢሆን ኖሮ እሷ በአንድ ድምፅ ትበልጥ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮቱን ለበሰና እነዚያኑ ቤቶች እንደገና ዞረ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ከልቡ የፈለገው ግን አንድ ሰው እንኳ «ውሸታም! በአንተ የተነሳ ነው» ብሎ በሩን እንዲዘጋበት ነበር።

የዘጋበት የለም። «አንተ ምን ታደርግ፣ አታለውህ ነው» ይሉታል፤ ወንበር ይስቡለታል። የባሰው ሲወጣ ነው። «በሚቀጥለው ለማን ነው፣ ማላኪ?» ይሉታል። «አንተ ንገረን እንጂ እኛማ እናደርጋለን።» አርባ አራት ዓመት የኮራበት ነገር ይህ ነበር፤ አሁን ሲሰማው እርምጃውን ያፈጥናል። ፊሎሜና ብቻ ቆጣ አለች፤ እሷም ቢሆን በራሷ ላይ ነው።

«እጄ አውቆ ነበር» አለችው። «እምቢ እያለኝ፣ በሌላው እጄ ደግፌ ነው የጻፍኩት።»

ቤቱ ሲመለስ መሽቷል ለማለት ገና ነው፤ አትራክታ መብራት አላበራችም። በማግስቱ የመጀመሪያው ጉዞ ነው፤ በአሥራ አንድ ተኩል ንጋት ላይ ይነሣሉ። ማላኪ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አንድም ሰው አልሰደበኝም» አለ። «አምስት ሰው ነበር የሚበቃው፣ አትራክታ። በዚህ ሁሉ ቤት እምቢ ያለኝ አምስት ሰው ጠፋ። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ከዚህ ቤት እንኳ አንድ ንጹሕ ወረቀት አይወጣም ነበር።»

አትራክታ ክንዷ ላይ መርፌው የሚገባበትን እብጠት በሌላው እጇ ዳበሰችው።

«እኔም ለኦይሲን ነው አንድ የጻፍኩት» አለች።

«ምን?»

«ለኦይሲን አንድ፣ ለዴርቭላ ሁለት። እንዳልከው።»

«አንቺ? ያን ሁሉ ተናግረሽ? የገዛ ሕይወትሽ እኮ ነው!»

«ሰውን በዝናብ እየዞርክ ስትለምን፣ የገዛ ሚስቱ አልሰማችውም እንዲባልብህ አልፈለግሁም።»

«ማን ያውቃል! ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ምስጢር ነው፣ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

አትራክታ በቁጣ አይደለም የመለሰችው። አንድ ለልጅ የሚነገር ቀላል ነገር እንደምትነግረው ሁሉ ረጋ ብላ ነው።

«አንተ ነሃ። አጥሩ ላይ ቆመህ የምትቆጥረው፣ የእጅ ጽሑፌንም የምታውቀው አንተ አይደለህ?»

ተነሥታ ለነገው መንገድ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።